የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታና የማስረጃ ነገር

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት አዘጋጆች ከታሪክ ክፍል አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ብዙም ሳላስብ እሺ አልሁ። ርእሱ አስቀድሞ በልቤ ነበረ። የፈረንሳዩ ፈላስፋ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ዓ.ም. ስለ ጥርጣሬ የሚያስተምረውን መጽሐፉን ሳያሳትም፥ የእኛው ዘርዐ ያዕቆብ በተከዜ ወንዝ አጠገብ በዋሻ ተቀምጦ ያንኑ ነገር መርምሮ ጽፎት ነበር ብዬ ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍሁና ለታሪክ መምህሬ አቀረብሁ። ወረቀቱ በማግስቱ ተመለሰልኝ። ከእርማቱ ሁሉ ዓይኔን የያዘው በመጀመሪያው አንቀጽ ኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው አጭር ጥያቄ ነበረ፤ «በምን አወቅህ?» ይላል።

እውነቱን ለመናገር ተቀየምሁ። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያስተምሩ ሰው ኢትዮጵያን ከፍ የሚያደርግ ጽሑፍ ሲያዩ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር እንጂ እንደ ዳኛ መጠየቅ ምን ይባላል አልሁ። ቁጣዬ ሲበርድ ግን መልስ የለኝም። ያነበብሁት ከሌላ ያነበበ ሰው የጻፈውን ነበር። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያህል ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍት እየተቀመጥሁ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ሞከርሁ። አሁን የምታነቡት የዚያን ፍለጋ ውጤት ነው፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ቀድጄዋለሁ።

አስቀድሞ ሰውየው ስለ ራሱ የሚለውን እንስማ። ሐተታ የግዕዝ ቃል ሲሆን ትርጕሙ ምርመራ ማለት ነው። መጽሐፉ እንደሚነግረን ዘርዐ ያዕቆብ ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. በአክሱም አቅራቢያ ከድኻ ገበሬ ተወለደ። የጥምቀት ስሙ ይህ ሲሆን ሰዎች ወርቄ እያሉ ይጠሩት ነበር። ከ15ኛው ምእተ ዓመት ንጉሥ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ማምታታት አይገባም፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አምታትቻቸው በክፍል ውስጥ ተስቆብኛል። ልጁ ዳዊት ከደገመ በኋላ ወደ ዜማ ቤት ገባ፤ ዳሩ ግን ድምፁ ሻካራ ስለ ነበረ ዜማውን ትቶ ወደ ቅኔ ሄደ። ከዚያም የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰና በአክሱም አራት ዓመት አስተማረ።

ዘመኑ ክፉ ነበረ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብሎ፥ እ.ኤ.አ. በ1625 ዓ.ም. ከመጣው ከፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ሕዝቡን ሁሉ ወደዚያው ሊመልስ ቆርጦ ተነሥቷል። አገሩ ለሁለት ተከፈለ። እ.ኤ.አ. በ1632 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት የወደቀው ብዙ ሺህ ገበሬ ከሌላ አገር የመጣ ጠላት አልነበረም፤ የንጉሡ የራሱ ሕዝብ ነበረ። በእንዲህ ያለው ጊዜ ዘርዐ ያዕቆብ ለተማሪዎቹ መጽሐፍ ሲተረጕም «ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፤ ግብጾች ደግሞ እንዲህ ይላሉ» ብሎ ሁለቱንም ይነግራቸው ነበር እንጂ ይህ መልካም ነው፥ ያ ክፉ ነው አይልም ነበር። በዚህም ምክንያት ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። የአክሱም ሰው የሆነ አንድ ካህን ሕዝቡን በንጉሥ ላይ ያነሣሣል ብሎ ከሰሰው። እርሱም ሦስት ወቄት ወርቅና ዳዊቱን ብቻ ይዞ በሌሊት አመለጠ፤ በተከዜ ወንዝ አጠገብ አንድ ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ተቀመጠበት።

ከዚያ ዋሻ የወጣው ሐሳብ መጽሐፉን ታላቅ ያሰኘው ነው። በገዛ ቃሌ ላሳጥረው። ፈረንጁ ሃይማኖቴ እውነት ነው ይላል፤ ግብጹም እንዲሁ፤ እስላሙም፥ አይሁዱም እንዲሁ። ሁሉም ለራሱ ይፈርዳል። ታዲያ በመካከላቸው ዳኛ የሚሆን ማነው? ከሰዎች መካከል ማንም ሊሆን አይችልም፤ ሁሉ ተከራካሪ ነውና። ብዙ ሰው ደግሞ መመርመር ስለሚያደክመው ከአባቱ የሰማውን ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ በሰጠው በልቡና ብርሃን እያንዳንዱን ነገር መመርመር ይገባል። በዚህም ሚዛን የሙሴን ሕግም፥ የክርስቲያኑን ምንኵስናም፥ የእስላሙን ሥርዓትም ሳያስተርፍ መዘነ። ከዋሻው ከወጣ በኋላ በእንፍራዝ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ ሲኖር፥ የሀብቱ አገልጋይ የነበረችውን ሒሩትን ሲያገባ፥ ባልና ሚስት እኩል ስለሆኑ አገልጋዬ ሳትሆን ሚስቴ ትሁን ያለው ከዚሁ ምርመራ የተነሣ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይሳት። ሰውየው እግዚአብሔር የለም አላለም። በዋሻው ውስጥ ሳለ ሌትና ቀን ዳዊት ይደግም ነበር፤ የሚጠራጠረው ሰዎች «እግዚአብሔር እንዲህ አለ» እያሉ የሚነግሩትን ነው። ይህን ለአያቴ በነገርኋቸው ጊዜ «ይጸልይ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን አልኋቸው። «ታዲያ ምኑን ካደ?» አሉኝ።

አያቴን ካነሣሁ አይቀር ሌላም ነገር ልንገራችሁ። ከላምበረት ሆኖ ወደ ሰሜን የተመለከተ የየካን ተራራ ያያል። በዚያ ላይ ከድንጋይ የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል መኖሩን አብዛኞቻችን እናውቃለን፤ በክፍል ሆነንም ጎብኝተነዋል። የአካባቢው ትውፊት አብርሃና አጽብሐ በ4ኛው ምእተ ዓመት ያሳነጹት ነው ይላል። ከታሪክ ተመራማሪዎች ወገን ግን አሠራሩ የላሊበላን ዘመን ይመስላል ብለው ወደ 12ኛው ወይም ወደ 13ኛው ምእተ ዓመት የሚያቀርቡት አሉ። የመምህሬ ጥያቄ ገና ሲቆጠቁጠኝ አያቴን «አብርሃና አጽብሐ እንዳነጹት በምን ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሳቸው ግን ሳቁና «አባቴ ነግረውኝ ነዋ፤ ለእርሳቸውም አባታቸው። ሲፈለፈል አብሬ አልነበርሁ!» አሉኝ።

በዚህ መልስ ውስጥ ከሁለት ሳምንት ንባቤ ይልቅ የጠቀመኝን ነገር አገኘሁ። አያቴ ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ያውቃሉ። የቀድሞው ችሎታችንም ይህን ያውቅ ነበር። በበላ ልበልሃ ሙግት ጊዜ ተከራካሪው ምስክሩን ሲያቀርብ ያየ ነው ወይስ የሰማ፥ ቂም አለው ወይስ ዝምድና ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ጠላት የሆነ ምስክር ይነቀፋል፤ ዘመድ የሆነም ይነቀፋል። እርግጥ ነው፤ በዚያው አገር ሌባ ሻይ የሚባልም ነበረ፤ ለልጅ መድኀኒት አጠጥተው እየተከተሉ፥ እርሱ ሄዶ የወደቀበትን ቤት ባለቤት ሌባ ነህ ይሉታል። ሁለቱም የእኛው ናቸው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የፊተኛውን መርጫለሁ።

እንግዲህ ሐተታው ራሱ ለሙግት ይቅረብ። እስከ አሁን የነገርኋችሁ ሁሉ መጽሐፉ ስለ ራሱ የሚለው ነው። መጽሐፉን ለዓለም ያስታወቀው ግን አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኵሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 ዓ.ም. ከአባ ማስያስ ጋር መጥቶ በበጌምድር ተቀመጠ፤ ግዕዝ ተማረ፤ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም አዘጋጀ። የብራና መጻሕፍት ይሰበስብ ለነበረው ለፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ መጻሕፍት ይፈልግለት ነበርና፥ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሐተታ አገኘሁ ብሎ ጻፈለት። ሁለት ቅጂዎች ወደ ዳባዲ ደረሱ። በአንደኛው ውስጥ የዘርዐ ያዕቆብ ደቀ መዝሙር የነበረው የሀብቱ ልጅ ወልደ ሕይወት የጻፈው ሌላ ሐተታም አለበት። ሁለቱም ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። አባ ጁስቶ በዐፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ከአገር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1856 ዓ.ም. በካርቱም ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1904 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን ግዕዙን ከላቲን ትርጕም ጋር አሳተመው፤ በዚያው ጊዜ ገደማ ሩሲያዊው ቦሪስ ቱራዬቭ በሩሲያኛ አወጣው። ዓለምም ተደነቀ።

እ.ኤ.አ. በ1920 ዓ.ም. ግን ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ ይህን መጽሐፍ የጻፈው ኢትዮጵያዊ አይደለም፤ ራሱ አባ ጁስቶ ነው አለ። አባ ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ኢትዮጵያዊ የካቶሊክ ካህን ስለ አባ ጁስቶ የተናገሩትን ለምስክርነት አቀረበ። ሌላም ተጨመረ፤ የመነኵሴው የልጅነት ስም ያቆፖ፥ ማለትም ያዕቆብ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1934 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮክ ይህንኑ ደገፈ። ከሁሉ የሚከብደው ግን በሁለቱም ሊቃውንት ቃል ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ ከአባ ጁስቶ እጅ ያላለፈ ጥንታዊ ቅጂ እስከ ዛሬ አለመገኘቱ ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የመጀመሪያ ሐሳቤ ኮንቲ ሮሲኒን መንቀፍ ነበረ። መንቀፊያም አላጣሁም። በኤርትራ የቅኝ ግዛት ሹም ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው፤ ሙሶሊኒ አገራችንን በወረረበት እ.ኤ.አ. በ1935 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለሥልጣኔ ችሎታ የላትም ብሎ ጽፏል። እንዲህ ያለ ሰው ከኢትዮጵያ ፈላስፋ ሊወጣ ይችላል ብሎ እንዴት ይመስክር! በቀድሞው ሙግት ቂመኛ ምስክር ተብሎ በተነቀፈ ነበር። ደስ ብሎኝ ይህን በማስታወሻዬ ላይ ሦስት ጊዜ አሰመርሁበት።

ነገር ግን አላዛለቀኝም። በመጀመሪያ፥ ሚትቮክ የማንም ቅኝ ገዥ ወገን አልነበረም፤ በናዚዎች ዘመን አይሁዳዊ በመሆኑ ከሥራው ተባሮ በስደት ለንደን የሞተ ሰው ነው። ሁለተኛ፥ የተናጋሪው ክፋት ቅጂ ያስገኝልን ይመስል ኮንቲ ሮሲኒን መስደብ የጐደለውን ብራና አይተካም። ሦስተኛውና ያሳፈረኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ቂመኛ የሚነቀፍ ከሆነ ዘመድም ይነቀፋል። እኔ በዚህ ነገር ዘመድ ነኝ። ዘርዐ ያዕቆብ እውነተኛ እንዲሆን የምመኘው አገሬ ስለሆነ ነው እንጂ መዝኜ አልነበረም። ከአባቴ ሰምቼ ሳልመረምር የያዝሁት ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ሐተታው የሚነቅፈውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ለዘርዐ ያዕቆብ የሚመሰክሩትን ከዘመድነት ለይቼ ለማየት ሞከርሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. ዘመንፈስ ቅዱስ አብርሃ መጽሐፉን በአሥመራ አሳትመው የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተከራከሩ። ሥራውን በሰፊው የያዙት ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምሩ የነበሩት የካናዳው ተወላጅ ክሎድ ሳምነር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1978 ዓ.ም. ባወጧቸው ሁለት ቅጾች ሐተታዎቹን መስመር በመስመር መረመሩ። ሁለቱ ሐተታዎች ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚጠቅሱበትን ሁኔታ አነጻጸሩ። ዘርዐ ያዕቆብ ዘወትር ወደ ዳዊት ይመለሳል፤ ወልደ ሕይወት ግን እንደ ሲራክ ያሉትን የጥበብ መጻሕፍት ይወዳል። የመጀመሪያው ስለ ራሱ ሲናገር የሚያለቅስ፥ የሚፈራና የሚጠይቅ ሰው ነው፤ ሁለተኛው የቤተ ሰብን አኗኗር የሚመክር አስተማሪ ነው። አባ ጁስቶ ጻፈው ብንል አንዱን ሰው ሁለት ሰው ልናደርገው ነው።

ከዚህም በላይ ለእኔ የከበደኝ የግዕዙ ነገር ነው። አባ ጁስቶ አገር ከገባበት እስከ ጻፈለት ቀን ስድስት ዓመት ገደማ ቢሆን ነው። ከእናንተ መካከል የቆሎ ተማሪ የነበረ አባት ወይም አያት ያለው ሁሉ ይጠይቅ፤ ከፊደል ተነሥቶ ዳዊትን በቃል ለመያዝ፥ ቅኔ ለመቀኘት፥ ትርጓሜ ለመሄድ ስንት ዓመት ይፈጃል? ሐተታውን የጻፈው ሰው ዳዊትን ከመጽሐፍ እየፈለገ የሚጠቅስ አይመስልም፤ ሲናገር ከአፉ ይወጣል። በትርጓሜ ቤትም አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በልዩ ልዩ መንገድ መፍታት ልማድ ነው። ፈረንጅ እንዲህ ይላል፥ ግብጽ እንዲህ ይላል ብሎ ማስተማር ከዚያ ቤት ለወጣ ሰው እንግዳ አይደለም።

ተቃዋሚዎቹ ለዚህም መልስ አላቸው፤ የአገሩ ደብተሮች ሊያግዙት ይችላሉ ይላሉ። እውነት ነው፥ ይችላሉ። ቅጂው ስለ አለመገኘቱ ደግሞ የእኛ ወገን «በሃይማኖት ጉዳይ አደገኛ መጽሐፍ ስለ ሆነ ደብቀውት ይሆናል» ይላል። ይህም ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ራሱ ሐሳቡን ከሰው ይሰውር እንደ ነበር ይነግረናል። ነገር ግን በዚህ መልስ አልተደሰትሁም። አለመታየቱን ለመኖሩ ማስረጃ ካደረግነው ማንም ሰው ያሻውን ነገር «ተደብቆ ነው» እያለ ሊያስረዳ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያከበርኋቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ነው። በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው የብራና ቤተ መጻሕፍት በፎቶግራፍ የተነሡ በሺህ የሚቈጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ሲመረምሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው። በ15ኛው ምእተ ዓመት ለንጉሥና ለሥዕል አንሰግድም ብለው ስለ ተሰደዱት ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ የጻፉትም እርሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ያየሁት በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ጠያቂ ሰው ከፈረንጅ ጋር የመጣ አለመሆኑን ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ሐተታውን ለብዙ ዘመን ይጠራጠሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ፤ መሠረቱ በ17ኛው ምእተ ዓመት የነበረ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው፥ አባ ጁስቶ ግን የራሱን ጨምሮበታል ወደሚል መጡ። በስተርጅና፥ ለዘመናት የያዙትን አሳብ ስሕተት ነበረ ብሎ ማተም ቀላል ነገር አይደለም። በሌላው ወገን የፈረንሳይዋ ተመራማሪ አናይስ ዊዮን እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የአባ ጁስቶን ደብዳቤዎች መርምራ ጸሓፊው እርሱ ነው ብላ ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ራልፍ ሊ ከመሐሪ ወርቁና ከዌንዲ ቤልቸር ጋር አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጕም አውጥተዋል፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

በበኩሌ ሚዛኑ ወደ ኢትዮጵያዊው ያጋድልልኛል፤ ምክንያቴም ግዕዙና የሁለቱ ሐተታዎች ልዩነት ነው። ይሁን እንጂ «ያጋድልልኛል» እላለሁ እንጂ «ተረጋገጠ» አልልም። የመጀመሪያውን ጽሑፌን አርእስትም ሰርዣለሁ። ሐተታው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ስሕተት ነበረና! ዘርዐ ያዕቆብ መጽሐፉን የጻፈው በ68 ዓመቱ ወልደ ሕይወት ለምኖት ነው። 1592 ላይ 68 ቢደመር 1660 ዓ.ም. ይሆናል፤ ይህም የዴካርት መጽሐፍ ከታተመ ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። በዋሻው ቀድሞ አስቦት ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ ጻፈው ማለት ግን አይቻልም። ይህ ከመደመር ያለፈ እውቀት አይጠይቅም፤ እኔ ግን ስለ ወደድሁት አልደመርሁም።

አንዳንድ ባልንጀሮቼ ይህን ጽሑፍ ሲያዩ «እንዲህ እየጠየቅህ ነገ ሃይማኖትህንም ልትጠይቅ ነው» ብለውኛል። አንዱ ከልቡ አዝኖልኛል። መጽሐፍን ማን ጻፈው የሚለውን ጥያቄ ብራና፥ ቀለምና የእጅ ጽሕፈት ሊፈታው ይችላል፤ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በተፈታ ነበር። እግዚአብሔር ጸሎትን ይሰማል ወይ የሚለውን ግን ዘርዐ ያዕቆብም በዋሻው የጠየቀው፥ እየጸለየ ነው። አያቴም በየወሩ በ12 ወደ የካ ሚካኤል ሲሄዱ ዋሻው በስንተኛው ምእተ ዓመት እንደ ተፈለፈለ ጠይቀው አያውቁም፤ ከጠየቅኋቸው በኋላም አልቀሩም።

ለመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍራችሁ ለዕረፍት ወደ ሰሜን ወደ አያቶቻችሁ አገር የምትሄዱ ተማሪዎች ብዙ ናችሁ። በደብሩ ወይም በሽማግሌዎች ቤት ያረጀ የብራና መጽሐፍ ብታዩ፥ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ መጨረሻውን ገጽ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ የጸሓፊው፥ የንጉሡና የጳጳሱ ስም የሚገኘው በዚያ ነው። ከስፍራው አታንሡት፤ የሚሸጥም ካገኛችሁ አትግዙት፤ ስሙንና ዘመኑን ብቻ ጽፋችሁ አምጡ። ወርቄ የሚል ስም ካገኛችሁ ግን ከእኔ በፊት ለታሪክ መምህራችን ንገሯቸው፤ የቀይ ቀለሙ ጥያቄ ገና አልተመለሰላቸውም።